ለአባዬ ሰላም በይልኝ

ኮልፌ ውስጥ «መርከበኛ ነኝ» ብሎ ማውራት ራስን ለሳቅ መስጠት ነው። አጠና ተራ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ የሰፈሬ ልጆች «ካፒቴን፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ክረምት ላይ አስፋልቱ በጎርፍ ሲሞላማ አለቀልኝ፤ «በል እንጂ አሻግረና!» እኔም አብሬ እስቃለሁ። ባሕር በሌለው አገር ባሕረኛ መሆን ምኑ አያስቅም? ዛሬ የምነግራችሁ ግን እንደዚህ ዓይነት ወሬ አይደለም። መርከብ ላይ ለመውጣት ብዬ ቤቴ ውስጥ ያደረግኩትን ነው የምነግራችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» እንዳትሉኝ። ብዙ ሰው ብሎኛል፣ አልሠራልኝም።

ያቤጽ እባላለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ያቢ ነኝ። አባቴ ጋሽ ገብሬ ገና በወጣትነቱ ከከፋ መጥቶ ኮልፌ ገበያ ውስጥ የማርና የኮረሪማ ሱቅ ከፈተ። ሰፈርተኛው «ገብሬ ማር» ነበር የሚለው። የሚገርማችሁ ግን ራሱ ማር አይቀምስም። ስኳር በሽታ ነበረበት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። «እኔ ማርን በአፍንጫዬ ነው የማውቀው» እያለ ይስቅ ነበር። እናቴን ደግሞ ሱቅ ውስጥ እንድትቆም አይፈልግም። ለምን መሰላችሁ? እማዬ መዋሸት አትችልም። ገዢ መጥቶ «እናት፣ ይሄ ማር ንጹሕ ነው?» ብሎ ፊት ለፊት ከጠየቃት፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄኛው ትንሽ ስኳር ሳይነካው አልቀረም፤ ሰኞ ሌላ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ብቅ በል» ብላ ታሰናብተዋለች። አባዬ «ሴትዮ፣ አንቺ ጌታን እያስደሰትሽ እኛን በረሃብ ልትጨርሺን ነው!» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «ታዲያ ለምን ጠየቀኝ?» ትላለች። ሳይጠይቋት አትናገርም፣ ከጠየቋት ግን አትዋሽም። እማዬ እንዲህ ናት።

እኔ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሥራ ፍለጋ ጫማዬ ካለቀ በኋላ የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ሰው እየመዘገበ መሆኑን ሰማሁ። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። አባዬ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ግን ማር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ መርከብ ሳይሰማ አይወጣም ነበር። «ያቢ እኮ የመርከብ ሞተር ሊይዝ ነው! አንድ ሰፈር የሚያክል መርከብ!» በስልክ ደግሞ እኔን ያደክመኛል። መርከቡ ውስጥ ፀሐይ ይገባል ወይ፣ ሞተሩ ሲጮህ እንቅልፍ ይወስዳችኋል ወይ፣ ሰው ሲታመም ማን ያያል። ለፈተና ሳጠና ከሆነ «አባዬ በኋላ፣ በኋላ» ብዬ እዘጋበታለሁ።

ኮሌጁ ሐይቅ ዳር ነው። ዩኒቨርሲቲ ከለመድነው ኑሮ ጋር አይገናኝም። ገና ሳይነጋ ፊሽካ ይነፋል። ሩጫ አለ፣ የአልጋ ፍተሻ አለ፣ የጫማና የጺም ፍተሻ አለ። ስልካችን ተሰብስቦ ይቆለፍበትና ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይሰጠናል። የክፍል ጓደኛዬ ቶሎሳ ይባላል፤ የአስኮ ልጅ ነው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግነው። አፉ አያርፍም። መጀመሪያ ሐይቅ ውስጥ የወረወሩን ቀን ውሃ እየተፋ ወጥቶ «ለመርከብ ነው ብለውኝ ነበር እኮ፣ ለዓሣነት መሆኑን ማን ነገረኝ!» ብሎ አሠልጣኙን ሳይቀር አሥቋል።

ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ የሞተር አስተማሪ ነበረን። ወርክሾፕ ውስጥ ያለውን ትልቅ ሞተር ያስነሳና ዓይናችንን አስጨፍኖ እጃችንን ሞተሩ ላይ ያስደርገናል። «ስሙት። ጤነኛ ሲሆን ድምፁ ይሄ ነው። ትንሽ ከተለወጠ 'የኔ ተራ አይደለም' ብለህ እንዳታልፍ። ጠይቅ፣ ተናገር። ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ሞተር ክፍል ውስጥ አልፈልግም» ይለን ነበር። በዚህ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እየተኩራራሁ አይደለም። ጆሮም ዓይንም እንደነበረኝ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

መጨረሻው ሳምንት ደረሰ። የባሕር ላይ ነፍስ ማዳን ፈተና ነበር፣ ከዚያ ደግሞ የመርከብ ኩባንያ ሰዎች መጥተው አንድ በአንድ የሚጠይቁን ቃለ መጠይቅ። ያለፈ ሰው መርከብ ይመደብለታል። ተመድቦ በተባለለት ቀን ካልተሳፈረ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጥና ተራ መጠበቅ ነው። ከኛ በፊት ከተመረቁት ውስጥ አንድ ልጅ በሠርግ ምክንያት ቀርቶ ሁለት ዓመት ቤቱ ተቀምጧል ይባል ነበር። ይሄን ወሬ እንደ ጸሎት ነበር የምንደጋግመው። እኔ ሁለቱንም ፈተና አለፍኩ፤ ከምርቃቱ በኋላ ባለው እሁድ ወደ ሲንጋፖር በርሬ እዚያ መርከብ ላይ እንድሳፈር ተመደብኩ።

ቅዳሜ ስልኬን እንደተቀበልኩ መጀመሪያ የደወልኩት ለአባዬ ነው። ዝግ ነው። ለታላቅ እህቴ ለሳሮን ደወልኩ።

«ሳሪ፣ አለፍኩ! ሲንጋፖር! አባዬን ስጪኝ፣ ስልኩ ምን ሆኖ ነው?»

«እልልል! ጌታ ይመስገን ያቢዬ!» አለች፣ እልልታው ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። «አባዬ ከፋ ሄዷል። ማር ደርሷል ብለውት፤ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ነው ያለው።»

«አሁን? ለምርቃቴ አይመጣም እንዴ?»

«አይደርስም መሰለኝ። እማዬም ጉንፋን ይዟታል። በቃ ቅዳሜ ስትመጣ እናገኝሃለን።»

ታውቃላችሁ ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ? ንዴት። አባዬ ከኔ ማሩን መረጠ ብዬ አኮረፍኩ። በማግስቱ እሁድም ስልኬ በእጄ እያለ ደግሜ ሳልደውልለት ቀረሁ። ነጭ ዩኒፎርም ለብሼ ስመረቅ የሌላው ቤተሰብ አበባ ይዞ ሲጨፍር እኔ ከቶሎሳ አጎቶች ጋር ፎቶ ተነሣሁ። ደግሞ ቶሎሳ ራሱ ተለወጠብኝ። ያ ለፍላፊ ልጅ ቀልዱን አቆመ። «ሻንጣህን ካልተሸከምኩልህ» ይለኛል፣ ምሳዬን ያመጣልኛል፣ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በዓይኑ ይከተለኛል። «ምን ሆነሃል አንተ?» ስለው «ልትሄድብኝ ነዋ፣ ናፍቆት ነው» አለኝ። ናፍቆት! የቶሎሳን ናፍቆት ያያችሁ? ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ እኔ ደግሞ አልፌ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችን ኮልፌ ደረስን። ከታክሲ ወርደን በገበያው በኩል ስናልፍ የአባዬ ሱቅ ዝግ ነው። ይሁን፣ ከፋ ሄዷል። አጠገቡ ልብስ ሰፊው ሰውዬ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ አቀፈኝ፣ አልለቅህ አለኝ። «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይላል፣ ዓይኔን አያየኝም። ሌሎቹ ነጋዴዎች ከሩቅ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ዕቃቸው ዞሩ። ወትሮ በዚያ ገበያ ሳልፍ ስንቱ ነበር እየጠራኝ «ሲመረቅ ያልጋበዘ!» የሚለኝ። ቶሎሳ ክንዴን ይዞ «ና እንጂ፣ እማማ ይጠብቁሃል» አለኝ።

ቤት ስንደርስ ሳሮን ደማቅ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ሳሪ ቤት ውስጥ እንደዚያ ለብሳ አይቻት አላውቅም። ከኋላዋ እማዬ ወጣች። አዲስ ሻሽ አሥራለች፤ ፊቷ ግን ግማሹ የለም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ልጄ» ስትል ድምፅዋ ልክ እንደ አሸዋ ነበር።

«ጉንፋኑ ነው» አለች ሳሮን ቶሎ ብላ።

እማዬ «ነው» አላለችም።

ግቢው መሬት ላይ በአራት ማዕዘን የተደፈኑ ጉድጓዶች አየሁ፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። ጎረቤት ጣሪያ ሥር የእድር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሳሎን ገባን። ቤቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ጋሽ በየነ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የአባዬ የልብ ጓደኛ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የአባዬ ወንበር ባዶ ነው፤ ቦታ ጠቦ ቶሎሳ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ያን ወንበር ግን ማንም አልነካውም።

«እንኳን ደስ አለህ ልጄ» አሉኝ ጋሽ በየነ። «አባትህ ... ብታይ እንዴት ይደሰት እንደነበር ...» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው የቀረው። ከፋ ዝናብ ነው።»

«እሺ ጋሽ በየነ» አልኳቸው። «መርከብ ላይ ሆኜ እደውልለታለሁ።»

ሁሉም ትንፋሹን ለቀቀ። አልዋሽም፣ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ልቤ ቢጠረጥርም አላውቅም ነበር። ምናልባት ታሞ ይሆናል፣ ምናልባት ሆስፒታል ተኝቶ ነው እያልኩ ነበር። ውሃ ጠማኝና ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሳሮን ተከትላኝ ልትመጣ ስትል ጎረቤት ጠራቻት። ፍሪጁን ከፈትኩ።

በሩ ላይ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ቦታ፣ የአባዬ ኢንሱሊን አለ። የተጀመረው ብልቃጥ አለ፣ ያልተከፈቱትም አሉ፣ መርፌዎቹም በላስቲካቸው አጠገቡ ናቸው።

አባዬ መርካቶ ድረስ ሲሄድ እንኳ ከዋለ ያንን ብልቃጥ በፔርሙዝ አድርጎ ነው የሚወጣው። ያለ እሱ ከፋ አይሄድም። ሆስፒታል ቢሆን ኖሮም ሳሪ ይዛለት ትሄድ ነበር። የፍሪጁ ቅዝቃዜ ፊቴን እየመታኝ እዚያው ቆምኩ። ጉድጓዶቹ የድንኳን ናቸው። ወንበሮቹ የለቅሶ ናቸው። የእማዬ ድምፅ ጉንፋን አይደለም። አባዬ ሞቷል፣ ተቀብሯል፣ ድንኳኑም ተነሥቷል፤ መርዶው ግን ለእኔ አልደረሰም።

አሁን የምላችሁን ነገር ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እንደዚያ ባወቅኩባት ቅጽበት ሁለተኛ ሆኖ ወደ አእምሮዬ የመጣው ሲንጋፖር ነው። አባቴ መሞቱን ባወቅኩ በደቂቃ ውስጥ ስለ አውሮፕላን አሰብኩ! መጮህ እችላለሁ። ጮኼ መሬት ላይ ብወድቅ የታሰረው ለቅሶ ሁሉ ይፈታል፣ ጎረቤቱ ይሞላል፣ እኔም ነገ የትም አልሄድም። ማን አባቱ በሞተ በሳምንቱ ሰምቶ በማግስቱ ይሳፈራል? ሰው ምን ይላል? እኔስ እግሬ ይሄድልኛል? መርከቡ ለሌላ ይሰጣል። ካልተነገረኝ ግን አላወቅኩም፤ ካላወቅኩ መሄድ እችላለሁ። ይሄንን ያህል ቀላል ነበር። ውሃዬን ቀዳሁ፣ ጠጣሁ፣ ፍሪጁን ዘጋሁ።

ሳሎን ስመለስ ሳሪ ፊቴን በጭንቀት ትመረምራለች። «ምነው ቆየህ?»

«ውሃው ቀዝቅዞ ጥርሴን ገደለኝ» ብዬ ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ኮሌጁ ማውራት ጀመርኩ። የተገለበጠው የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ሥር ስለቀረው ልጅ፣ ቶሎሳ ስለጠጣው ውሃ፣ ሁሉንም። ቤቱ ሳቀ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች።

ሊመሽ ሲል ጋሽ በየነና ቶሎሳ ወጡ፣ ሳሪ ዳቦ ልትገዛ ሄደች። እማዬ ጓዳ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እኔም ሳላስበው በሩ ላይ ደረስኩ። ሁለታችን ብቻ ነን። የከፋውን ታሪክ የነገረችኝ ሳሮን ናት፣ የደገሙት ጋሽ በየነ ናቸው። እማዬ አንድም ቃል አልዋሸችኝም። «እማዬ፣ አባዬ የት ነው?» ብላት ትነግረኛለች። እሷም ታውቃለች። ቢላዋውን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኖቿ በሽንኩርት ይሁን በሌላ ቀልተዋል። ጠበቀችኝ። እኔ ደግሞ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ልጇን አቅፋ ያላለቀሰች እናቴን እያየሁ፣ ማልቀስ የምትችልበትን አንድ ቃል በአፌ ይዤ፣ «ሽንኩርቱን ልላጥልሽ?» አልኳት።

«ተው፣ እጅህ ይሸታል፣ ነገ መንገደኛ ነህ» አለችኝ። አጎነበሰችና ቀጠለች።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጸልዩልኝ ቤት መጡ። ተንበረከክኩ፣ እጃቸውን ጫኑብኝ። ጋሽ በየነ ጸለዩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ባሕሩን ሠርተኸዋል፣ ታውቀዋለህ። ይሄን ልጅ ጠብቀው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ... አንተ አባት ሁነው።» በዚህ ጊዜ ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ፈነዳ። የሚያለቅሱት ለስንብት እንደሆነ አድርጌ እኔም አለቀስኩ። አባቴን ነበር ያለቀስኩት፣ በነሱ መሃል፣ ተደብቄ። እነሱም ከኔ ተደብቀው ያለቅሱታል። አንድ ሬሳ ላይ ሁለት ወገን ሆነን ተደባበቅን፤ ከሁለቱ ወገን ግን ለራሱ ጥቅም የተደበቀው አንዱ ብቻ ነው።

ኤርፖርት መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰናበትን። ሳሪ ተንሰቀሰቀች፣ ቶሎሳ ፊቱን አዞረ። እማዬ ጋ ስደርስ ፈራሁ። ገምታብኝ ይሆን? አውቆ ነው ዝም ያለው ትል ይሆን? ይሄ ፍርሃት ነው ያንን ያስባለኝ። አቀፍኳትና፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጥሩ አድርጌ ፈገግ ብዬ፣ «እማዬ፣ ለአባዬ ሰላም በይልኝ። ሳልሰናበተው ስለሄድኩ እንዳይቀየመኝ በይው» አልኳት።

ራሷን ብቻ ነቀነቀች፣ ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ጉንጬን ሳመችኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ገባሁ። ዞር ብዬ አላየሁም።

መርከቡ የተባለውን ያህል ነበር፣ አንድ ሰፈር ያክላል። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሥራዬን ጥሩ አድርጌ ሠራሁ። የመጀመሪያው ወደብ ላይ ስንቆም የሞተር ክፍሉ አለቃ፣ ሸምገል ያለ ፊሊፒናዊ፣ ክፍሉ ጠራኝና ሻይ ቀዳልኝ፤ የመርከብ ኩባንያው ወኪል ከቤተሰቤ ሰምቶ አስቀድሞ ነግሮታል። ስልኩ ላይ ጋሽ በየነ፣ እማዬና ሳሪ ጥቁር ለብሰው ተደርድረው ታዩኝ። ጋሽ በየነ መዝሙረ ዳዊት አንብበው መርዶውን ነገሩኝ። ጮህኩ። ሽማግሌው ፊሊፒናዊ ደግፎ ያዘኝ። ለቅሶዬ እውነት ነበር፤ መደንገጤ ነው ውሸቱ። እማዬ ከዚያ ማዶ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ደብቄህ ነው፣ ይቅር በለኝ» ትላለች። እኔም «ይቅር ብዬሻለሁ እማ» አልኳት! ስሙኝ እንግዲህ፤ እኔ ነኝ እሷን ይቅር ያልኩት።

ኮንትራቴን ጨርሼ ስመለስ የመጀመሪያው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እማዬ ሳትነግረኝ ከጎኔ ተነሥታ መድረክ ላይ ወጣች። ማይኩን በሁለት እጅዋ ያዘችው።

«ቅዱሳን፣ ጌታ ይባርካችሁ። ምስክርነት አለኝ። ገብሬ ወደ ጌታ ሲሄድ ልጄ ፈተና ላይ ነበር። መንገዱ እንዳይበላሽ ብለን ደበቅነው። እኔ ግን መዋሸት አልችልም፣ ታውቁኛላችሁ። ልጄ ዓይኔን አይቶ ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ፤ ብነግረው ደግሞ አይሄድም። ሽንኩርት እየላጥኩ 'ጌታ ሆይ፣ እንዳይጠይቀኝ፣ ልቡን ጋርድልኝ' ብዬ ለመንኩት። በሩ ላይ መጣ፣ ቆመ፣ አሁን ጠየቀኝ ስል ስለ ሽንኩርት ጠየቀኝ! ኤርፖርትም አልጠረጠረም፣ ጭራሽ ለአባቱ ሰላም በይልኝ አለኝ። ማነው የልጄን ልብ የጋረደው?»

«ጌታ!» አለ ጉባኤው። እልልታና ጭብጨባ ሆነ። ከኋላዬ ያሉት ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። እማዬ መድረክ ላይ ሆና እያለቀሰች ትስቃለች፤ አባዬ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? እጄ ራሱ ነው ያጨበጨበው።

አሁን የምታነቡኝ፣ ከቤታችሁ ርቃችሁ ያላችሁ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ «ሁሉም ደኅና ነው» ሲሏችሁ ደስ ብሏችሁ ስልኩን የምትዘጉት? ቤተሰቦቻችን ሲደብቁን ስንት ጊዜ ወቅሰናል። ዕድሜ ልካችንን «ለምን አልነገራችሁኝም» እንላለን፤ ለምን እንዳልጠየቅን ግን ማንም አይጠይቀንም። እኔ አሁን ከባሕር ስደውል በስም ነው የምጠይቀው። ሳሪን ስጡኝ፣ እማዬን ስጡኝ፣ ጋሽ በየነ የት ናቸው፣ ድምፃቸውን አሰሙኝ። ሳሪ «ፖሊስ ሆንክብን እኮ» ትለኛለች። ትበል። ዘግይቶ የመጣ ጠያቂነት አባዬን እንደማያመጣው አውቃለሁ።

ለእማዬ ነገርካት ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነግሬያታለሁ። ወደ ሁለተኛው መርከቤ ልሄድ ስል ነበር። ከጸሎት ቡድኗ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኳት፣ ቦርሳዋን ተቀብዬ በእግራችን ዳገቱን ወጣን። ጎረቤቷ «ልጄ ፈተና ሊወስድ ነው፣ ያንቺ አምላክ ልቡን ያሳርፍልኝ፣ ጸልዪልኝ» እንዳለቻት እያወራችኝ ነበር። የእሷን ምስክርነት ሰው ሁሉ ይዞት ዞሯል። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«እማዬ፣ አውቅ ነበር» አልኳት። «ያን ቅዳሜ ገና ፍሪጁን ስከፍት ነው ያወቅኩት። ጓዳው በር ላይም አውቄ ነው የቆምኩት። ሰላም በይልኝ ያልኩሽም አውቄ ነው። መርከቡ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

ቆመች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትመታኛለች ብዬም ጠበቅኩ፣ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው እየገፋን ያልፋል፣ የታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ይጮሃል። እማዬ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

«ታዲያ እኔ» አለችኝ፣ «ያን ሁሉ ሕዝብ አስነሥቼ ማንን ነው ያመሰገንኩት?»